ከሀዋሳ ወደ ወንዶ ገነት ተራሮች በእግር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሀዋሳ ሰው ተራራ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ታቦር ነው። ማለዳ ተነስቶ፣ በስፖርት ጫማ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሐይቁንና ከተማውን ከላይ ቃኝቶ፣ ቁርስ ሳያልፍበት ቤቱ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ይህንኑ ልማድ ይዞ በሻሸመኔ በኩል ወደ ወንዶ ገነት ሲሻገር ነው። የወንዶ ገነት መንደሮች የተቀመጡት በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር ሲሆን፣ ከበላያቸው ያለው የአባሮ ተራራ ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሀዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ለሚያስታውስ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። መንገዱ ለጤነኛ ሰው የሚከብድ አይደለም፤ ገመድም ሆነ ልዩ ሥልጠና አይጠይቅም። ሆኖም በታቦር ልክ የተሰፋ ዕቅድ እዚያ አይበቃም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ከሁሉም የሚብሰው አርፍዶ መነሣት ነው። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ከሀዋሳ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ሻሸመኔ ላይ ለቡና ይቆማል፣ ወንዶ ገነት ሲደረስ መጀመሪያ ፍል ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጥብስ ይታዘዛል፣ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «በሉ እንውጣ» ይላል። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ሥርዓት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ወጥቼ፣ አንዲት የስልክ መብራት ለአምስት ሰው ተካፍለን ወርጃለሁ። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። ከዝግባና ከዋንዛ ጥላ ሥር ደግሞ ሜዳ ላይ ገና ብርሃን ሳለ ዱካ ማየት ያስቸግራል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ተዳፋቱ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ በመሆኑ ማለዳ ላይ ተራራው ራሱ ጥላ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታለች። ስለዚህ አንድ ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው በቀዝቃዛው ይወጣል፣ ስምንት ሰዓት ላይ የተነሣው ደግሞ ያንኑ ዳገት በሐሩር ይገፋል። ፍል ውኃውና ጥብሱ የትም አይሄዱም፤ ከጉዞው በኋላ ይደርሳሉ።

ሁለተኛው ስህተት መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር ነው። «ደርሶ መልስ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው» ሲባል ሐይቁ ዳር እንደሚደረግ የምሽት ሽርሽር የሚመስለው ብዙ ነው። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው፣ እስካሁንም የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ወደ ላይ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት 600 ሜትር ከፍታ ያለው የስምንት ኪሎ ሜትር ጉዞ ያለ አንዳች ዕረፍት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ስሌቱ የተሠራው ግን ለብርቱ ተጓዥ ነው። ጭቃውን፣ ፎቶውን፣ ጉሬዛ ለማየት የሚቆመውንና ከኋላ የቀረውን ጓደኛ ለመጠበቅ የሚባክነውን ጊዜ ስንጨምርበት አራት ሰዓት መያዝ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የአካባቢውን ሰው በትክክል አለመጠየቅ ነው። ሽቅብ እያለከለኩ «ጫፉ ቅርብ ነው?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ እዚህችው ናት» ነው። የተጠየቀው ሰው እየዋሸ አይደለም፤ የደከመን እንግዳ ማበረታታት የጨዋ ወግ ነው፣ ለእርሱ እግር ደግሞ በእርግጥም ቅርብ ነው። በኮንጎ ጫማ ከላይ እየሮጠ የሚወርድ ልጅ «አሥር ደቂቃ» ያለኝን ቦታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደርሼበታለሁ። ይልቁንስ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አያስቀምጡለት። «አንተ ጠዋት ከቤት ብትወጣ እዚያ ደርሰህ ስንት ሰዓት ላይ ትመለሳለህ?» ብለው ይጠይቁና በሚነግርዎት ላይ ግማሹን ይጨምሩ። ከመጠየቅም በፊት ሰላምታ ይቀድማል። በሲዳምኛ «ኬሬ»፣ በኦሮምኛ «አካም» ማለት የሚያውቅ እንግዳ፣ መንገዱን ከነመታጠፊያው በትዕግሥት ይነገረዋል።

መታጠፊያውን ካነሣን ዘንድ፣ በደን ውስጥ ያለውን ጎልቶ የሚታይ ዱካ ሁሉ የተራራ መንገድ ነው ብሎ ማመንም የተለመደ ስህተት ነው። እነዚያን ዱካዎች ያወጧቸው ከብቶችና እንጨት ለቃሚዎች ናቸው፤ የሚያደርሱትም እነርሱ ወደሚፈልጉት ቦታ፣ ማለትም ወደ ግጦሽ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወደቀ ግንድ ነው። ሽቅብ ሲሄዱ ዱካው በየጊዜው ለሁለት ይከፈላል። ቁልቁል ሲመለሱ ደግሞ ሁለቱ ስለሚገናኙ መታጠፊያ መኖሩ እንኳ አይታወቅም፤ ሰውም የመጣበትን ትቶ በሌላው ሸንተረር በኩል ወደ ሌላ መንደር ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ወደ ኋላ መዞርና ቦታው ሲመለሱ ምን እንደሚመስል ማየት፤ ያቺን ጎባጣ ብሳና ወይም የተሰነጠቀ ድንጋይ በስልክ ፎቶ ማንሣት። የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ካርታው ግን አስቀድሞ ሀዋሳ ላይ መውረድ አለበት። መንገድ የጠፋበት ሰው በአቋራጭ ልውረድ ብሎ ቁጥቋጦውን መሰንጠቅ የለበትም፤ ሳማና ቀንጠፋ የሚጠብቁት እዚያ ነው፣ ወንዙ የቆረጠው ገደልም እንደዚሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ደግሞ የአካባቢውን ተወላጅ መሪ ይዞ፣ ዋጋውንና የመመለሻውን ሰዓት ከመነሣቱ በፊት ተስማምቶ ቢሄድ ይህን ሁሉ ያተርፋል።

ስለ ጫማ ሲነሣ ሰው የሚያስበው ዳገቱን ነው፤ ጫማን የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሶሉ ያለቀ ስኒከር በደረቅ ቀን ያወጣል፣ ትንሽ ዝናብ በነካው ቀይ አፈር ላይ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በልኩ የተገዛ አዲስ ጫማም ሌላ መዘዝ አለው። በመጀመሪያው ረጅም ጉዞዬ በየእርምጃው የአውራ ጣቶቼ ጫፍ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ውሎ፣ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱም ጥፍሮቼ ጠቁረው ነበር፤ አንደኛው በወሩ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጬ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርጌ እንደገና አስራለሁ፣ ጥፍሬንም ከዋዜማው እቆርጣለሁ። እርምጃን ማሳጠርና ዱላ መያዝ ጉልበትን ያሳርፋል። ዱላውን ግን ከመንደር መግዛት እንጂ ከደኑ ቆርጦ መያዝ አይገባም።

ውኃን በተመለከተ አንዲት ሃይላንድ ለሁለት ሰው ይዞ መውጣት አይበቃም፤ በየሰዓቱ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ማስላት ይሻላል። የምንጩ ውኃ የጠራ ቢመስልም ከበላዩ ከብት ይኖራልና ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም። ምግብ ሲበላ ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ እጅ ላይ ያለውን ሙዝ ሳይቀር ይነጥቃሉና መመገብ የለባቸውም፤ አንዴ የቀመሰ ቀጣዩን መንገደኛ ያስገድዳል። ነጭና ጥቁር ካባ የለበሰው ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ስለሆነ ከዛፍ ላይ ሆኖ ከማየት ሌላ ለስንቅዎ ግድ የለውም።

ወቅትን አለማገናዘብም አለ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በበልግና በክረምት የሚሄድ ሰው ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ እንደሚመጣ ቆጥሮ ቀድሞ ይውረድ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ በላብ የራሰ ቲሸርት ለብሶ ጫፉ ላይ ለነፋስ መቀመጥ ስለሚያሳምም ደረቅ ሹራብ በቦርሳ መያዝ ግድ ነው።

በመጨረሻም ፍል ውኃው ዘንድ ሲደርሱ ከነድካምዎ ዘለው አይግቡ። ላብ ያሟጠጠው ሰውነት በድንገት ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውም ተነሥቶ ሲቆም ያዞረዋል። ጫማ አውልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ ከዚያ በእጅ እየሞከሩ መግባት ነው፤ ውኃው ከሚፈልቅበት ጉድጓድ ግን እጅም እግርም ይራቅ፣ እዚያ ያለው ያቃጥላል።