ናዳ ሐይቅ ውስጥ ሲወድቅ ማዕበል እንዴት ይነሣል? በሳፋ ማሳየት

ጎንደር ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በጥምቀት ዕለት ጎረምሶች አፄ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ሲዘሉ ውኃው ዳር የቆመውን ሰው ሲያበሰብስ ስላዩ፣ ናዳ ማዕበል ያስነሣል ብላቸው አይገርማቸውም። የሚገርማቸው መጠኑ ነው።

ረዘም ያለ ሳፋ ፈልጉ፤ በክቡ ሞገዱ ከየአቅጣጫው እየተመለሰ ይደበላለቃል። እስከ ግማሹ ውኃ አድርጉበት (በፈረቃ የምናገኘው ውኃ ስለሆነ በኋላ ወለል ይታጠብበታል)። በአንዱ ጫፍ የቆርቆሮ ቁራጭ አጋድሙ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጣውላ በጠመኔ ዱቄት ቀብታችሁ አስደግፉ፤ ሞገዱ ጠመኔውን አጥቦ የደረሰበትን መስመር ይተውላችኋል።

መጀመሪያ ኮረቱን በእፍኝ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ውኃው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሞገድ ግን የለም ማለት ይቻላል። አሁን ኮረቱን አውጡና ያንኑ ከቆርቆሮው አናት ላይ በአንዴ ልቀቁት። ድንጋዩ ያው ነው፤ ውኃው ግን ገለል ለማለት ጊዜ ስላጣ ተገፍቶ ይቆለላል። ድንጋዩ የከፈተው ጉድጓድ መልሶ ሲደፈን ደግሞ ሌላ ሞገድ ይከተላል። ይህን በስልክ በዝግታ ካልቀረጻችሁት በዓይን አትይዙትም።

ስትለኩ ማስመሪያውን በጣውላው ላይ አታስተኙት፤ ከውኃው ገጽ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በ1958 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ ሊቱያ በተባለው የባሕር ወሽመጥ የመሬት መንቀጥቀጥ 30 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ዓለት ናደ። ውኃው ከፊት ለፊት ያለውን ተራራ 524 ሜትር ድረስ ወጥቶ ደኑን ጠረገው። ቁጥሩ ውኃው ተዳፋቱን የወጣበት ከፍታ ነው እንጂ ወሽመጡ መሐል የቆመ ሞገድ ቁመት አይደለም። ሞገዱ ወደ ወሽመጡ አፍ ሲጓዝ ዝቅ እያለ ስለሄደ አባትና ልጅ የነበሩባት ጀልባ በላዩ ተንሳፍፋ ተርፋለች።

በመጨረሻ ጣውላውን አንሱና ሳፋውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ድገሙት። እኔ ከሊቱያ ይልቅ ይሄኛውን አበልጣለሁ። በ1963 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ቫዮንት ግድብ ላይ 260 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል የተራራ አካል ሐይቁ ውስጥ ሲንሸራተት ግድቡ አልፈረሰም። ውኃው በላዩ ዘሎ ከታች የነበሩ 2,000 ገደማ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ ተማሪዎቹን የምጠይቀው ሳፋው ተሰነጠቀ ወይ ብዬ ሳይሆን ምን ያህል ውኃ ፈሰሰ ብዬ ነው፤ ከሥሩ ሰፊ ትሪ አስቀምጡና የፈሰሰውን በጆግ ስፈሩት።