ቀዩ ጥንዚዛ ሊሊያችሁን እንዳይጨርስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቦስተን፣ በሲያትል ወይም በለንደን አካባቢ ጓሮው ላይ ሊሊ የተከለ ሰው ይህን ጥንዚዛ ሳያየው አይቀርም። ቁመቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጀርባው እንደበሰለ በርበሬ ይቀላል፣ ጭንቅላቱ፣ እግሮቹና ሆዱ ግን ጥቁር ናቸው። የመጣው ከአውሮፓና ከእስያ ነው። ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬምብሪጅ ከተማ ተገኘ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ከሲያትል አጠገብ ባለችው ቤልቪው ብቅ አለ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሰፈሮች ስለሆኑ «እንዴት እናጥፋው?» የሚለው ጥያቄ ከወገኖቻችን ጓሮ በየዓመቱ ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ዓይኑን ቀዩ ጥንዚዛ ላይ ብቻ ስለሚተክል ነው። ዋናው ጥፋት የሚፈጸመው ከቅጠሉ በታች ነው፤ የሚጀምረውም አበባው ሊፈነዳ ወር ሁለት ወር ሲቀረው።

ሊሊ የሚባለውን ሁሉ መርጨት

ገበያ ላይ ሊሊ የሚል ስም ያለው አበባ ብዙ ነው። ለሠርግ የሚመረጠው ነጩ ካላ ሊሊ፣ በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ብርቱካናማው ዴይሊሊ፣ ካና ሊሊም ቢሆን ለዚህ ጥንዚዛ መራቢያ አይሆኑም። እንቁላሉን የሚጥለው በእውነተኛዎቹ ሊሊዎችና በዘመዶቻቸው፣ በተለይ በፍሪቲላሪያ ላይ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ እውነተኛው ሊሊ ከመሬት አንድ ቀጥ ያለ አገዳ ያወጣል፣ ቅጠሎቹም አገዳውን ተከትለው ከታች እስከ ላይ ይደረደራሉ። ዴይሊሊ ግን ቅጠሉ እንደ ሣር ከሥሩ ተሰብስቦ ይወጣል። ካላችሁ ዴይሊሊ ብቻ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ትታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ከእውነተኛዎቹ ውስጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አይጠቁም። ኤዥያቲክ የሚባሉት ክፉኛ ይበላሉ። ብላክ ቢዩቲ የተባለው ዝርያ ደግሞ የተሻለ ይቋቋማል ይባልለታል። አዲስ ለመትከል የምታስቡ ሰዎች ይህን ብታስቡበት ጥሩ ነው።

አበባው ሲደርስ አየዋለሁ ማለት

ጥንዚዛው የብርዱን ወራት አፈር ውስጥና በረገፈ ቅጠል ሥር ተደብቆ ያሳልፋል፤ የግድ ከሊሊው አጠገብም አይደለም። በማርች መጨረሻ ወይም በኤፕሪል የሊሊው ቡቃያ ከመሬት ብቅ ሲል እሱም ይነቃል። በክንፉ ደህና አድርጎ ስለሚበር ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ ይመጣል። ወዲያው መብላት፣ መራባት፣ ከዚያም እንቁላል መጣል ነው። አንዲት እንስት በአንድ ወቅት ከ200 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በኤፕሪል አንዷን መያዝ በጁን መቶ እጭ ከመልቀም ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ፍሪቲላሪያ ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይፈትሽ፤ ከሊሊው ቀድሞ ስለሚወጣ የነቁት ጥንዚዛዎች እዚያ ይሰበሰባሉ።

የዚህ ስህተት ሌላው ፊት አበባው ሲያልፍ ጓሮውን መርሳት ነው። ጥንዚዛው በዓመት የሚራባው አንድ ጊዜ ነው። በበጋው አጋማሽ ከአፈር የሚወጡት አዲሶቹ ጥንዚዛዎች እስከ መኸር እየበሉ ይቆዩና ሳይራቡ ለብርዱ ይደበቃሉ። የሚቀጥለው ኤፕሪል ጠላት የዛሬው የኦገስት ጥንዚዛ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የምትለቅሙት አይባክንም።

ቅጠል አለመገልበጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል ሊሊ ከሥሩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ገልብጡት። መሐል ጅማቱን ተከትሎ ጠመዝመዝ ያለ መስመር የሠሩ ደቃቅ እንቁላሎች ታያላችሁ። ሲጣሉ ወደ ብርቱካን ያደላሉ፣ ሊፈለፈሉ ሲሉ እየጠቆሩ ይሄዳሉ። በአንድ ሳምንት ወይም በትንሽ በላይ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ። በዚህ ደረጃ ሥራው ቀላል ነው፤ በአውራ ጣታችሁ ጨፍልቃችሁ ታልፋላችሁ፣ ቅጠሉም ምንም አይሆን።

ከተፈለፈለ በኋላ ግን ነገሩ ይከረፋል። እጩ ወፈር ያለ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ገላው ወደ ቢጫና ብርቱካን የሚያደላ ነው። ይህን የሚያይ ግን ጥቂት ሰው ነው፣ ምክንያቱም እጩ የገዛ ኩሱን በጀርባው ይሸከማል። ጥቁር አረንጓዴ እርጥብ ጓል ቅጠል ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ብዙ ሰው «የወፍ ኩስ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ ምን እንደሆነ ቢያውቅም ተጸይፎ ይተወዋል። ለእጩ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ማንም ሊበላው እንዳይደፍር የለበሰው ልብስ ነው። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ እየበላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ሲያድግ እምቡጡንም አይምርም፣ በመጨረሻ ወደ መሬት ወርዶ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣል። ከጥንዚዛው ይልቅ አብዛኛውን ቅጠል የሚጨርሰው እጩ ነው። ጓንት አድርጉ፣ እርጥብ ሶፍት ያዙ፣ ከታች ወደ ላይ ጠርጉ። በሳምንት ሁለቴ እንዲህ ያደረገ ሰው ሊሊው አይራቆትም።

ጥንዚዛውን ከላይ ለመያዝ መሽቀዳደም

እጃችሁን ስትዘረጉ ጥንዚዛው አያችሁም አላያችሁም እግሩን ሰብስቦ ይወድቃል። የሚያርፈው በጀርባው ነው፤ ጥቁር ሆዱ ወደ ላይ ይሆንና ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ስትፈልጉት አጠገባችሁ ሆኖ አታገኙትም። በእጃችሁ የገባው ደግሞ ሲጨመቅ ጥቂት ይጮኻል፣ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል።

መፍትሔው የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ነው። ጣሳውን መጀመሪያ ከቅጠሉ ሥር አስቀድሙ፣ ከዚያ በሌላው እጅ ቅጠሉን ነካ አድርጉት። ራሱ ይገባላችኋል። ተክሎቹ ብዙ ከሆኑ ነጭ አንሶላ ከሥራቸው ዘርግቶ አገዳውን ማራገፍም ይሠራል። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰውነቱ ስላልሞቀ ፈጥኖ አይበርም።

በመድኃኒት መተማመን

የኒም ዘይት ይሠራል፣ ግን ገና በተፈለፈሉ ትንንሽ እጮች ላይ ነው። የደረሰውን ጥንዚዛ አያጠፋውም። ደግሞም በየ5 እስከ 7 ቀኑ መደጋገም አለበት፣ መረጨት ያለበትም ከቅጠሉ በታች ነው። ከላይ ብቻ ረጭቶ «አልሠራም» የሚል ሰው እጩ ጋ መድኃኒቱ አልደረሰለትም። ስፒኖሳድ የተባለውም እጭ ላይ ጥሩ ነው፣ እርጥብ ሳለ ግን ንብ ይገድላል። ስለዚህ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ማታ ይረጫል፣ የፈካ አበባ ላይ ግን በፍጹም። ኢሚዳክሎፕሪድ ያለባቸውና ከሥር የሚጨመሩት መድኃኒቶች ደግሞ በተክሉ ውስጥ አልፈው የአበባው ወለላና ብናኝ ድረስ ይደርሳሉ። ለአምስት ስድስት አገዳ ሊሊ ብሎ ንብ ማጥፋት ለእኔ አይገባኝም። ይህን ያህል ለሚሆን ጓሮ እጅና ጣሳ ይበቃሉ።

የቡና አተላስ? ከእኛ ቤት አተላ አይጠፋምና ብዙዎች በሊሊው ዙሪያ ይነሰንሱታል። በክንፉ መጥቶ ቅጠል ላይ የሚያርፍን ጥንዚዛ መሬት ላይ ያለ አተላ እንዴት ያግደዋል? ለብስባሽ አኑሩት።

የተራቆተውን አገዳ መቁረጥ

ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን አረንጓዴ እስካለው ድረስ አገዳውና የተረፈው ቅጠል ከመሬት በታች ያለውን ሽንኩርት መሰል ሥር ይመግቡታል። የሚቀጥለው ዓመት አበባ ከዚያ ነው። ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ተዉት።

ሳይፈትሹ ማምጣት፣ ሳይፈትሹ መስጠት

ጥንዚዛው ወደ አዲስ ሰፈር የሚገባበት አንዱ መንገድ በማሰሮ ያለ ተክል ነው። ለፈረንጆች ፋሲካ የሚሸጠው ነጭ ሊሊ፣ አበባው ካለፈ በኋላ ጓሮ የሚተከለው፣ ቅጠሉ ተገልብጦ ይታይ። ለጓደኛ ከጓሯችሁ ነቅላችሁ ስትሰጡ ደግሞ አፈሩን አራግፉ። እዚህ ላይ ከጥንዚዛ ጋር የማይገናኝ ነገር ልጨምር፦ ድመት ያለበት ቤት ሊሊ አይግባ። ብናኙ ጭምር የድመትን ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም።

ከሥሩ ያለውን አፈር በየጸደዩ መገልበጥ

የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ ደቃቅ ተርቦች አምጥተው በኒው ኢንግላንድ ለቀዋል። ሰው አይነድፉም። ተርቧ እንቁላሏን በጥንዚዛው እጭ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጆቿም እጩ አፈር ከገባ በኋላ ከውስጡ ይበሉታል። የተርቧ ልጆች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት እዚያው ሊሊው ሥር ባለው አፈር ውስጥ ነው። ተርቧ በተስፋፋችበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ጸደይ ሲገባ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አታገላብጡት፤ አረሙን በእጅ ንቀሉ፣ ቁፋሮውን የበጋው መጀመሪያ እስኪያልፍ አቆዩት።