የድሮ ፕሮግራምና ጌም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የሚቀይረውና ፎርማት የሚያስደርገው ሰው በዝቷል። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። የሱቁ የዕቃ መቆጣጠሪያ አልከፈት ይላል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ኤረር ያወጣል፣ የልጆቹ ጌም ጥቁር ስክሪን አሳይቶ ይዘጋል። አብዛኛው ይስተካከላል። የማይመለስ ጉዳት የሚደርሰው በችኮላ ስንነካካው ነው። ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም።

ዳታው የት እንዳለ ሳያረጋግጡ ፎርማት ማድረግ

ፒያሳ አካባቢ ባሉ ጥገና ቤቶች እንዲህ ያለ ንግግር አዲስ አይደለም። «ጋሼ፣ ዳታውን አውጥተውታል?» «አዎ ልጄ፣ ፎልደሩን እንዳለ በፍላሽ ይዤዋለሁ።» ፍላሹ ሲከፈት ፕሮግራሙ አለ። ሒሳቡ ግን ከዓመታት በፊት ላይ ቆሟል። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ተጠርጓል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች ዳታቸውን የሚጽፉት ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ተራ ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው፣ ፕሮግራሞች በሚጫኑበት ፎልደር ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ዊንዶውስ የድሮውን ፕሮግራም በግልጽ አይከለክለውም፤ ሳይነግረው ጽሑፉን ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። ፋይሉ በተጠቃሚው ስም ባለው ፎልደር፣ አፕዳታ ውስጥ፣ ሎካል ሥር፣ ቨርቹዋልስቶር (VirtualStore) በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። አፕዳታ ደግሞ የተደበቀ ፎልደር ነው። ካላወቃችሁት አታዩትም። የጌም ሴቭ «ጠፋ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ነው።

ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቨርቹዋልስቶርን ክፈቱ። ፒችትሪ ከሆነ ፎልደር በመገልበጥ ብቻ አትመኑ፤ በራሱ ባክአፕ አውጡ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጋችሁ የመጨረሻውን ወር ሒሳብ በዓይናችሁ እዩት። ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። አዲሱ ማሽን ላይ ስትጭኑ ደግሞ የድሮውን ፕሮግራም ከፕሮግራም ፋይልስ ውጪ፣ ሲ ላይ በራሱ ፎልደር አስቀምጡት። ብዙ ጣጣ ይቀራል።

ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ሁሉን ይፈታል ብሎ መጠበቅ

ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የዊንዶውሱን ቨርዥን አይቶ እምቢ ለሚል ፕሮግራም ጥሩ ነው። ባለ 16 ቢት የሆነ፣ በጣም የቆየ ፕሮግራም ግን ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በፍጹም አይሠራም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያለው በ64 ቢት ብቻ ነው። አማራጮቹን ስትቀያይሩ አትዋሉ። ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተሠራ ጌም ከሆነ ዶስቦክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያስነሳዋል። አንዳንዴ ፕሮግራሙ 32 ቢት ሆኖ መጫኛው ብቻ 16 ቢት ይሆናል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይሆን ሴትአፑ ነው እምቢ ያለው።

የድሮ ፕሪንተርና ስካነርም እንዲሁ ነው። የ32 ቢት ድራይቨር 64 ቢት ላይ አይገባም።

የጎደለ ዲኤልኤል ከተገኘበት ማውረድ

«ይህ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት አጋዥ ፋይል) የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ስሙን ጉግል አድርጎ የመጀመሪያውን ሳይት መክፈት የቫይረስ አቋራጭ ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ፋይል ሳይሆን አንድ ሙሉ ጥቅል ነው። ለብዙ የድሮ ጌሞች የሚያስፈልገው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ያወጣው የዳይሬክት ኤክስ ራንታይም ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ዳይሬክት ኤክስ 12 ቢኖረውም እነዚያን የድሮ ፋይሎች አብሮ አይዝም። የድሮ ፕሮግራምና ጌም የሚፈልጓቸው ዶትኔት 3.5 እና ዳይሬክት ፕሌይ ግን ከዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ቲክ ተደርገው ይበራሉ።

ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባለው የድሮ የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ የሱቅ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ኦሲኤክስ የሚባል አጋዥ ፋይል ነው። ፋይሉን ከድሮው ማሽን መውሰድ ይቻላል። ግን 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ32 ቢት ፋይል ቦታው ሲስተም 32 (System32) ሳይሆን ሲስዋው 64 (SysWOW64) ነው። ስሙ ግራ ያጋባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለጌም ብሎ አንቲቫይረስ ማጥፋት

ሴፍዲስክ የሚባል የኮፒ መከላከያ ያለባቸው የሲዲ ጌሞች ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አይነሱም። ማይክሮሶፍት የመከላከያውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2015 ያስወጣው የደኅንነት ቀዳዳ ስለሆነ ነው። ሲዲያችሁ አልተበላሸም፤ አትጣሉት። ነገር ግን ድራይቨሩን በግድ አትመልሱ፣ አንቲቫይረስ አጥፍታችሁም ክራክ (መከላከያውን የሚሰብር ፋይል) አትጫኑ። በተለይ የሱቁ ሒሳብ ባለበት ኮምፒውተር ላይ! የጌሙ ባለቤት ያወጣው ፓች ወይም ለአዲስ ዊንዶውስ የታደሰ ዕትም መኖሩን ፈልጉ።

ኤክስፒን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት

ምንም አልሆን ሲል ቨርቹዋል ቦክስ በሚባለው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም ውስጥ የድሮውን ዊንዶውስ ኤክስፒ መጫን ጥሩ መፍትሔ ነው። የኤክስፒ ድጋፍ ግን ያቆመው በ2006 ዓ.ም. ነው። ኔትወርኩን ዝጉት፤ ፋይል ለመለዋወጥ ሼርድ ፎልደር ይበቃል።

የአማርኛ ሰነድ ተበላሸ ብሎ መሰረዝ

የቅሬው (የእድሩ) መተዳደሪያ ደንብ አዲሱ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ፋይሉ ደህና ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈው አማርኛ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። የተጻፈበትን ፎንት ብትጭኑ ይመለሳል። ሙሉውን መርጣችሁ ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት አትቀይሩት። አይለወጥም፤ ይባስ ብሎ የትኛው አማርኛ የትኛው እንግሊዝኛ እንደነበር መለያው ይጠፋል። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ካስፈለገ ኮፒው ላይ ሥሩ፣ ዋናውን አትንኩ። የድሮው ማሽን እስካለ ድረስ ደግሞ እዚያው ሆናችሁ ሰነዶቹን ወደ ፒዲኤፍ አውጡ።