አዲስ አባት ሲሾሙ በቅዳሴ የሚጠራውን ስም መቀየር፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ አጥቢያዎች

አዲስ ፓትርያርክ ሲሾሙ ወይም ሀገረ ስብከቱ አዲስ ሊቀ ጳጳስ ሲመደብለት በቅዳሴው የሚጠራው ስም ይቀየራል። ስሙ ግን በአንድ ገጽ ብቻ አይገኝም፤ የሚጠራውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቄሱ አዲሱን ስም ጠርተው ዲያቆኑ የቀድሞውን ሲደግም የሚሰማው ለዚህ ነው።

የምርጫው ወሬ ስለተሰማ ስም አይቀየርም። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ የተመረጡት የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲሆን በዓለ ሢመታቸው (የሹመታቸው ሥርዓት) የተፈጸመው የካቲት 24 ነው። ስለዚህ ሢመቱ እስኪፈጸምና የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ እስኪደርስ ጠብቁ። ደብዳቤው ሲመጣ ከስሙ በተጨማሪ ማዕርጉን አንብቡ፤ ኤጲስ ቆጶስ የነበሩ አባት ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ስማቸው እዚያው ሆኖ የሚቀየረው ማዕርጉ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ያረፉት አባት ስም ከሕያዋን ጸሎት ወጥቶ በሙታን ጸሎት ይታሰባል።

ቀጥሎ መጽሐፈ ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር ገልጣችሁ «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት» እና «እገሌ» የሚሉትን ቦታዎች ሁሉ ፈልጉ። ከወንጌል በኋላ፣ ከጸሎተ ሃይማኖት በፊት የሚጸለየው የሊቃነ ጳጳሳት ጸሎት የካህን ንባብም የዲያቆን «ጸልዩ»ም አለበት። በፍሬ ቅዳሴው (ከመግቢያው ጸሎት ቀጥሎ በሚመጣው ዋናው የቅዳሴ ክፍል) ውስጥ ደግሞ ዲያቆኑ «በእንተ ብፁዕ ወቅዱስ» ሲል ይጠራል። የቅዳሴ ሐዋርያትን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ አሥራ አራቱንም ቅዳሴያት አገላብጡ። የሊጦንና የመስተብቍዕ (የምልጃ ጸሎቶች) መጽሐፍም አይቅር።

የግእዙን ሰዋስው የግድ አስተውሉ። «ዐቂበ ዕቀቦ ለነ» (መጠበቅን ጠብቅልን) ለአንድ አባት ነው፤ ለሁለት «ዕቀቦሙ» ይሆናል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በሀገር ውስጥና በውጭ በነበሩት ሲኖዶሶች መካከል ዕርቅ ከወረደ በኋላ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስም አብሮ ይጠራ ነበርና አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ስሙም ግሡም በእርሳስ ተስተካክሏል። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ስማቸው ከሕያዋን ተነሥቶ ግሡ በብዙ ቁጥር የቀረበት መጽሐፍ ካላችሁ አሁን መልሱት። ስሙም በግእዙ «አባ ማትያስ» ተብሎ ይጠራል፤ በደብዳቤ አናት ላይ ያለው ረጅም ማዕርግ በሙሉ ወደ ጸሎቱ አይገባም።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የታተሙ መጻሕፍት ብዙዎቹ «ንጉሥነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ይላሉ። ብራና ከሆነ ደግሞ የቀደመ ንጉሥ ወይም የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ስም ይገኝበታል። ዛሬ በጸሎት አይጠራም፤ ከመጽሐፉ ግን አይፋቅም። መጽሐፉ በማን ዘመን እንደተጻፈ የሚመሰክረው ያ ስም ነው፤ በምላጭ የተፋቀ ብራና ይሳሳል፣ ቀለሙም ዳግመኛ አይመለስም። ፍሉድም ስኮችም አታስነኩት፤ በተለይ በድሬዳዋ ሙቀት የስኮች ሙጫ ቀልጦ ሁለቱን ገጽ ያጣብቃል፣ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። የንባቡን ለውጥ በአንድ ጣት ስፋት በተቆረጠ ስስ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሳትለጥፉ በገጹ መካከል አኑሩት። ለዘመኑ የወረቀት መጽሐፍ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ እስክርቢቶ አይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ካርድ ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ወረቀት ውሰዱ፤ በላይኛው መስመር የፓትርያርኩን፣ በታችኛው የሊቀ ጳጳሱን ስም ከነማዕርጉ በጥቁር ቀለም፣ ፊደሉን አንድ ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ጻፉ። ቀይ በመጽሐፍ ያምራል፤ በጧፍ ብርሃን ግን ይደበዝዛል። ሦስት ካርድ አዘጋጁ፤ አንዱ ለገባሬ ሠናዩ (ቅዳሴውን ለሚመራው) ካህን፣ አንዱ ለዲያቆኑ፣ አንዱ በአትሮንሱ ላይ።

ጽሑፉን በስክሪን የምታሳዩ አጥቢያዎች በኮምፒውተሩ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ። በ2005 ዓ.ም. የቀድሞውን ፓትርያርክ ስም «ጳውሎስ»ን በ«ማትያስ» በጅምላ የተካ ሰው የሐዋርያው ጳውሎስንም ስም ይለውጥ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፓትርያርክ ስም «ባስልዮስ»ን የሚተካም ቅዳሴ ባስልዮስን ያጠፋል። አንድ በአንድ ፈልጉ፤ «ማትያስ»ም «ማቲያስ»ም ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለቱንም ሞክሩ።

ዲያቆናቱ ቅዳሴውን በቃል ስለሚያውቁት ካርዱ ፊታቸው እያለ አፋቸው የለመደውን ይጠራል። መድኃኒቱ ልምምድ ነው፦ በዋዜማው ከሠርክ ጸሎት በኋላ መሪጌታው ወይም ቄሰ ገበዙ እያንዳንዱን ቦታ በዜማ፣ ከነፊተኛውና ኋለኛው ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስብሏቸው። ስሙን ለብቻው መድገም አይጠቅምም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ዜማው እየሳበ ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከየሀገረ ስብከቱ ካህናት ይመጣሉ፤ እንግዳው የራሱን ሊቀ ጳጳስ ስም መጥራቱ አይቀርም። የሚጠራው ግን ቅዳሴው የሚቀደስበት ሀገረ ስብከት አባት ስም ስለሆነ፣ ካህኑ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ ካርዱን እጃቸው ላይ አኑሩላቸው። «አባቴ፣ እዚህ የምንጠራው ይህን ነው» ማለት ይበቃል።

የቀድሞው ካርድ አይቀደድም። በጀርባው ከመቼ እስከ መቼ እንደተጠራበት ተጽፎ ዕቃ ቤት ይቀመጥ።