7² = 14 የሚል ልጅ፦ የካሬና የስኩዌር ሩት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ካሬና ስኩዌር ሩት ላይ የሚሳሳት ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ምልክቱን ከትርጉሙ በፊት ስለለመደው ነው። ስህተቱ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ ኤክስ ከማድረጋችን በፊት ደብተሩን ልብ ብለን እንየው።

7² = 14 ብሎ ይጽፋል

ከላይ ያለችውን ትንሿን 2 «እጥፍ አድርግ» ብሎ አንብቧታል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአስተማሪም ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምሳሌ 2² ይሆናል። 2 ሲደመር 2 አራት ነው፤ 2 ሲባዛ በ2ም አራት ነው። ልጁ በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ መልስ ያገኛል፣ ራይት ይደረግለታል፣ ስህተቱም እዚያው ሥር ይሰዳል። እባካችሁ በ2 አትጀምሩ። በ3 ወይም በ5 ጀምሩ።

መፍትሄው ባለ ካሬ ደብተር ነው። 7 ወደ ጎን፣ 7 ወደ ታች አስምሮ ውስጡን ይቁጠር። 49 ይመጣል። 7² ማለት ጎኑ 7 የሆነ ካሬ ስፋት ነው።

√36 = 18 ይላል

ያው ችግር ተገልብጦ መጣ። ስኩዌር ሩትን (√) ለሁለት ማካፈል አድርጎታል። √36 ማለት ግን ስፋቱ 36 የሆነ ካሬ የአንዱ ጎን ርዝመት ነው፤ መልሱ 6። √4 = 2 መሆኑም ስህተቱን ይደብቅለታል። «200 ካሬ ቦታ» ሲባል ሰምቶ ያውቃልና በዚያ ጠይቁት። አራቱም ጎን እኩል ቢሆን አንዱ ጎን ስንት ሜትር ነው? 100 ካለ 100ን በ100 ያባዛው፤ 10,000 ካሬ ይሆንበታል። መልስን በራሱ አባዝቶ ማየትን የሚያህል መፈተሻ የለም።

√200 ላይ እጁን ይሰጣል

ሙሉ ቁጥር ካልወጣ መልስ የለም ብሎ ያምናል። 14² 196 ነው፣ 15² ደግሞ 225። ስለዚህ መልሱ ከ14 ትንሽ ከፍ ይላል። 200ን ለ14 ሲያካፍል 14.29 ገደማ ያገኛል። የ14 እና የ14.29 አማካይ 14.14 አካባቢ ነው። 14.14ን በራሱ ቢያባዛው 199.94 ይመጣል፤ ያለ ካልኩሌተር! የእስክንድርያው የሂሳብ ሊቅ ሄሮን በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎት ያለፈ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

(3 + 4)² = 9 + 16 ያደርጋል

ይህኛው እስከ ዩኒቨርሲቲ አብሮ የሚዘልቅ ነው። 25 ይላል፤ ትክክሉ 49። 24ቱ የት ገባ? ያንን 7 በ7 ካሬ እንደገና ያውጣ። አንዱን ጥግ 3 በ3 ያቅልመው፣ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጥግ 4 በ4። ሳይቀቡ የቀሩት ሁለት ቦታዎች እያንዳንዳቸው 3 በ4 ናቸው። 12 እና 12፤ የጠፋው 24 ይኸው። √(9 + 16)ም እንዲሁ 7 ሳይሆን 5 ነው፤ መጀመሪያ ይደመር።

√0.25 = 0.5 መሆኑን አይቀበልም

«ሩቱ እንዴት ከቁጥሩ ይበልጣል?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትቆጡት። ከ0 በላይ ከ1 በታች ያለ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ያንሳል። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው።

-5² = 25 ይጽፋል

ቅንፍ ከሌለ ካሬው የሚነካው 5ን ብቻ ነው፤ መልሱ -25። (-5)² ግን 25 ነው። √25 ሲባል መልሱ 5 ብቻ ነው። 5 እና -5 ሁለቱም የሚጻፉት «በራሱ ሲባዛ 25 የሚሆነው ቁጥር የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።