ቫዮሊን ሲማሩ የሚመጣን ሕመምና ብስጭት እንዴት መቋቋም ይቻላል

ቫዮሊን መማር የጀመርኩት ዕድሜዬ 34 ዓመት ከሞላ በኋላ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። በሦስተኛው ወር የግራ እጄን አውራ ጣት ከሥሩ እየጠዘጠዘኝ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በዚያ እጅ ማንሳት አቃተኝና መሣሪያውን ለሰባት ሳምንት ሳልነካው ቆየሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ የተቆጨሁበትን ነው። አስተማሪን አይተካም፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚያስተምር ሰው በቀሩት ስድስት ቀናት ቤትዎ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ አያይም።

1. ሕመሙን መለየት

የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለብለቡ የማይቀር ነው፤ ቆዳው እየጠነከረ ሲሄድ ይተዋል። ከልምምድ በኋላ የሚሰማ የትከሻ ድካምም አንድ ሌሊት አድሮ ከጠፋ አያሳስብም። የሚያሳስበው እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም፣ የትንሿና የቀለበት ጣት መደንዘዝ፣ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን የሚዘልቅ ማቃጠል፣ እንዲሁም በማግስቱ ያልለቀቀ ማንኛውም ሕመም ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ መሣሪያውን አስቀምጦ ጥቂት ቀናት ማረፍ፣ ካልተሻለም ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

እኔ ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ዜማ እጫወታለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቀን ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት መለማመድ ጀመርኩ። ሲያመኝ ማስታገሻ እየዋጥኩ ቀጠልኩ። ኪኒኑ ሕመሙን እንጂ የሕመሙን ምክንያት አላጠፋም፤ እንዲያውም ሰውነቴ አቁም ሲለኝ እንዳልሰማ አደረገኝ። በሠርጉ ዕለት እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ጠጅ ስጠጣ ዋልኩ፤ ዜማውንም ማንም አልሰማው።

2. መሣሪያውን መፈተሽ

ጥፋቱ ሁልጊዜ የተማሪው አይደለም። በርካሽ የሚሸጡ ቫዮሊኖች ብዙ ጊዜ ድልድያቸው (ክሮቹን ደግፎ የሚያቆመው ትንሽ እንጨት) ሳይስተካከል ስለሚመጣ ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው (ጣት ክሩን ከሚጫንበት ረጅም እንጨት) እጅግ ይርቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ክር ተጭኖ መያዝ ለጠነከረ እጅም ቅጣት ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ ይባላሉ። በጣት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ቀጭኑ የ“ሚ” ክር ከሰሌዳው 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወፍራሙ የሶል ክር ደግሞ ከ5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ደኅና ነው። በማስመሪያ ለክተው ልዩነቱ የጎላ ሆኖ ካገኙት መሣሪያውን ሙያው ላለው ሰው ይስጡ። የቤት ዕቃ አናጢ ዘንድ ይዘው እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ፤ እኔ ሄጄ ድልድዩ ከመጠን በላይ ተሞርዶ ክሮቹ ሰሌዳውን እየነኩ ይነዝሩ ጀመር። በተጨማሪም ሁሉንም ክሮች በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ ድልድዩ በሙጫ የተጣበቀ ሳይሆን በክሮቹ ውጥረት ብቻ የቆመ ነው፣ በሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶም እንዲሁ።

የመቃኛዎቹ (ክሩን የሚወጥሩት ቁልፎች) ነገርም ከሕመም ባልተናነሰ ያበሳጫል። እንጨት ስለሆኑ በሐምሌ እርጥበት አብጠው አልዞር ይላሉ፣ በመጋቢት ድርቀት ደግሞ እየተንሸራተቱ ክሩን ይለቁታል። አልዞር ሲሉ ጥቂት ደረቅ ሳሙና ወይም የእርሳስ ዱቄት፣ ሲንሸራተቱ ደግሞ ጠመኔ መቀባት ይረዳል። የላን ክር በ440 ኸርዝ የሚቃኝ የስልክ መተግበሪያ በነጻ ይገኛል፤ ለእሱ ገንዘብ አያውጡ።

3. አንገትና ትከሻ

ቫዮሊን ከነአገጭ ማሳረፊያው ከግማሽ ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ የአዋቂ ሰው ራስ ግን ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ መሣሪያውን በአንገት ሥር አጥንትዎ ላይ አስቀምጠው ራስዎን ዝቅ ቢያደርጉ የራስዎ ክብደት ብቻ በቂ ነው፤ በመንጋጋ መጫንም ሆነ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳት አያስፈልግም። የአገጭ ማሳረፊያ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ በጀርመናዊው የቫዮሊን ተጫዋች ሉዊ ሽፖር ነው፤ ከዚያ በፊት ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ሰዎች ያለ እሱ ተጫውተዋል። ይህን የማነሣው ማሳረፊያውን ይንቀሉት ለማለት ሳይሆን መሣሪያውን እንደ ጉጠት ነክሶ መያዝ የግድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

አንገተ ረጅም የሆነ ሰው የትከሻ ድጋፍ ያስፈልገዋል። በውድ ዋጋ ከሚሸጠው ይልቅ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ በላስቲክ የታሰረው ለእኔ ተሽሎኛል፤ ውፍረቱን እንደፈለግሁ እቀንሳለሁ፣ እጨምራለሁ። አንገትዎ ላይ ቀይ ሽፍታ ከወጣ ምክንያቱ ግጭትና ላብ፣ አንዳንዴም የማሳረፊያው ብረት ውስጥ ያለ ኒኬል ሊሆን ስለሚችል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት።

4. የግራ እጅ አውራ ጣት

ጥፍርዎን ያሳጥሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እኔን የጎዳኝ ጉዳይ ነው።

ጀማሪ ጣቱን ክር ላይ ሲያሳርፍ፣ ድምፁ ካልጠራ ያልጠራው ጫና ስላነሰው ይመስለዋልና ይጫናል። ጣት ከላይ ሲጫን አውራ ጣት ከታች ይመልሳል፤ የቫዮሊኑ አንገት በሁለቱ መካከል እንደ ሎሚ ይጨመቃል። በዚህ ጊዜ አንጓውም፣ ክርኑም፣ ትከሻውም አብረው ይጠነክራሉ። ጣት በጠነከረ እጅ ላይ ቶሎ ስለማይንቀሳቀስ ዜማው ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ሰው ይናደዳል፣ ሲናደድ የባሰውን ይጨምቃል። የእኔ ሕመምና የእኔ ብስጭት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉኝ ነበር፤ አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት በዚህ ቦታ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቫዮሊን አስተማሪ ሳይሆን ከመሲንቆ ነው። እጄ ታስሮ በተቀመጥኩባቸው ሳምንታት አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ገብቼ ከተጫዋቹ አጠገብ ተቀመጥኩና ዓይኔን ከግራ እጁ ላይ አልነቀልኩም። የመሲንቆ ክር አንድ ናት፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደች፤ አዝማሪው ግን ክሯን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫናትም። ጣቱ በጎን ጠጋ ይልና ይነካታል፣ ከዚያም ይለቃታል፤ ክሯ በአየር ላይ እንዳለች ታለቅሳለች። ዕረፍት ሲያደርግ የደረሰብኝን ነገርኩትና ያለ ቫዮሊን አያያዜን በክንዴ ላይ አሳየሁት። ክንዴን የያዝኩበትን እጅ ተመልክቶ “አነቅኸው እኮ! በምን ይተንፍስልህ?” አለኝ። ጋሼ፣ ቫዮሊን እኮ ጣት ሰሌዳ አለው ብዬ ልከራከር ቃጥቶኝ ነበር፤ ደግነቱ ዝም አልኩ።

እውነት ነው፣ የቫዮሊን ክር ሰሌዳውን መንካት አለበት ወይም ሊነካው መቃረብ አለበት። ጥያቄው ምን ያህል ጫና ይበቃል የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ በሚከተለው ልምምድ ራስዎ ያገኙታል። ጠቋሚ ጣትዎን በሬ ክር ላይ ያሳርፉ፤ አይጫኑ፣ ይንኩ ብቻ። በቀኝ እጅዎ ቀስቱን ረጋ አድርገው ይሳቡ። የሚሰማው የታፈነ፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ነው። ቀስቱን ሳያቋርጡ የጣትዎን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ድምፁ ድንገት ጥርት የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ያቁሙ። የሚያስፈልገው ጫና ያ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ትርፍ ወጪ ነው። እኔ መጀመሪያ ይህን ስሞክር ቀድሞ ከምጫነው ግማሹን እንኳ አለመሆኑ አሳፈረኝ። ቀጥለው፣ ጣትዎ ክሩ ላይ እንዳለ፣ አውራ ጣትዎን ከቫዮሊኑ አንገት አላቀው በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያድርጉ። መላቀቅ ካቃተው እየጨመቁ ነው ማለት ነው። ይህን ልምምድ በየቀኑ ለሁለት ደቂቃ፣ ከዜማ በፊት ያድርጉት፤ ዜማ ላይ ደርሶ አውራ ጣትን ማስታወስ አይቻልም።

5. ቀኝ እጅና የልምምድ ሰዓት

ቀስቱ 60 ግራም ገደማ ነው፤ ለመያዝ ጉልበት አይጠይቅም። አውራ ጣትም ትንሿ ጣትም ይታጠፉ፤ ከተገተሩ ክንዱ ይደርቃል።

10 ደቂቃ ይለማመዱ፣ 3 ደቂቃ እጅዎን አንጠልጥለው ያራግፉ፣ እንደገና 10 ደቂቃ። ለመጀመሪያው ወር ከዚህ ሁለት ዙር በላይ አያስፈልግም። የስልክ ደወል ይሙሉ፤ “ትንሽ ብቻ ልጨርስ” የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ከደወሉ ጋር አብሮ ይመጣልና አይስሙት። በጠዋት 12 ሰዓት ብርዱ ጣትን ስለሚያቀዘቅዝ አስቀድመው እጅዎን በሞቀ ውኃ መታጠብ ወይም አንድ ስኒ ቡና መጨበጥ አይከፋም።

6. ብስጭቱ

ጆሮ ከእጅ ይቀድማል። ለዓመታት ጥሩ ሙዚቃ የሰማ አዋቂ ሰው የራሱን መጥፎ ድምፅ በደንብ ይለያል፤ እጁ ግን ገና የሕፃን ነው። በዚያ ላይ ቫዮሊኑ ከግራ ጆሮዎ ሥር ስለሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሌላ ሰው ከሚሰማው ይልቅ ለእርስዎ ይበልጥ ይሻክራል። የቆርቆሮ ክዳንና ባዶ ግድግዳ ደግሞ ያባብሱታል፤ እኔ አንድ ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ብዙ ለውጥ አግኝቻለሁ። የጎረቤት ልጅ መጥታ ድመታችሁ ታማለች ወይ ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ ደግሞ ሁለት የእንጨት የልብስ መቆንጠጫዎችን ድልድዩ ላይ አጣብቄ ድምፁን መቀነስ ለምጃለሁ።

የሚሻክር ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች ይመጣል፦ ቀስቱ እጅግ ተጭኗል፣ እጅግ ቀስ ብሎ ሄዷል፣ ወይም ከድልድዩ ጋር ትይዩ መሆኑ ቀርቶ ጠሟል። መስተዋት ፊት ቆመው ሦስተኛውን ያስተካክሉ፤ የቀሩት ሁለቱ አብረው ይሻሻላሉ።

ለጀማሪ የውጭ አገር መልመጃ መጻሕፍትን ብቻ ይዞ መታገል የተሻለ መንገድ አይመስለኝም። የትዝታ ሜጀር ቅኝት በሬ ክር ላይ ሲጀመር እጅን እጅግ ያሳርፋል፦ ባዶ የሬ ክር (ጣት ሳይነካው)፣ አንደኛ ጣት (ጠቋሚው)፣ ከአንደኛው ራቅ ያለ ሁለተኛ ጣት (የመሀሉ)፣ ከዚያም ባዶ የላ ክር፣ እንደገና አንደኛ ጣት። አምስቱ ድምፆች በሁለት ጣቶች ብቻ ይገኛሉ፤ የምትደነዝዘው ደካማዋ ትንሽ ጣት ምንም ሥራ የላትም። ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ ያደረ ቅኝት ስለሆነም ስሕተትን ለማወቅ አስተማሪ አያሻም።

አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ከተበላሸ አራተኛ አይሞክሩት። መንጋጋዎ መጠንከሩን ይመልከቱ፣ ይልቀቁት፣ ባዶ ክር ይሳቡና ወደ ሌላ ነገር ይሂዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ ዜማ በስልክ ይቅረጹ፤ በዚያው ቀን ግን አያዳምጡት። እኔ ከወር በኋላ አራቱን በተከታታይ ስሰማ ነበር እጄ መሻሻሉን ያወቅሁት።

7. ከጉዳት በኋላ መመለስ

ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 5 ደቂቃ፣ ያውም ባዶ ክር ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት 8 ደቂቃ፣ የአውራ ጣቱን ልምምድ ጨምሮ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ 3 ደቂቃ ይጨመራል። ደቂቃዎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ የቫዮሊኑ ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌያለሁ። ሕመሙ ብቅ ካለ ወደ ቀደመው ሳምንት ቁጥር መመለስ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ከ17 ደቂቃ ወደ 14፣ ሌላውን ደግሞ ከ20 ወደ 17።