ለማይክሮዌቭ መስመር የሚውል የሰርኪዩት ቦርድ ማቴሪያል እንዴት ይለካል?

በቂሊንጦም ሆነ በሱሉልታ ባለ አነስተኛ ወርክሾፕ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ፊልተር ወይም አንቴና የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቦርድ የአምራቹ ስም ያልተጻፈበት ኤፍአር-4 ነው። ከመስታወት ክርና ከኤፖክሲ የሚሠራው የዚህ ማቴሪያል ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (በውስጡ የሚያልፈውን ሞገድ ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) ከ4.2 እስከ 4.7 ድረስ ይለያያል። በፓወር ሰፕላይ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በማይክሮዌቭ ግን የሲግናሉ ኃይል በአብዛኛው የሚጓዘው በመዳቡ መስመርና ከሥር ባለው ግራውንድ (የታችኛው መዳብ) መካከል ባለው ማቴሪያል ውስጥ ስለሆነ፣ የመስመሩ ኢምፒዳንስም (በኦም የሚለካው፣ ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) የሞገዱ ርዝመትም አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ከሠንጠረዥ ቁጥር ከመውሰድ ይልቅ የያዙትን ቦርድ ራሱን መለካት ይሻላል።

መጀመሪያ ሁለቱም ፊቱ መዳብ ከሆነና 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ቦርድ ሁለት ቁራጭ ይቁረጡ። የታችኛውን መዳብ ሳይነኩ፣ በላይኛው ፊት ላይ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ያውጡ፤ ስፋቱ በዚህ ውፍረት ወደ 50 ኦም ይጠጋል። ከመስመሩ መካከል ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ ቅርንጫፍ ያስወጡ፦ በአንዱ ቁራጭ 40፣ በሌላው 60 ሚሊሜትር። መዳቡን የሚያሟሟው ፌሪክ ክሎራይድ ጠርዙን ሊበላው ስለሚችል የመጨረሻውን ርዝመት በካሊፐር ያረጋግጡ።

ከዚያ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ኤስኤምኤ ኮኔክተር (የገመድ ማያያዣ) በይደው፣ ካሊብሬት በተደረገ ናኖቪኤንኤ (ሲግናል ልኮ ምን ያህሉ እንዳለፈ በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳይ አነስተኛ መለኪያ) ከ0.5 እስከ 1.5 ጊጋኸርዝ የሚያልፈውን ሲግናል ይመልከቱ። የቅርንጫፉ ርዝመት የሞገዱን ርዝመት ሩብ በሚያክልበት ፍሪኩዌንሲ ግራፉ ጠልቆ ይወርዳል፤ ያንን ፍሪኩዌንሲ ይመዝግቡ። ሁለት ቅርንጫፍ ያስፈለገው ሞገዱ ከክፍቱ ጫፍ ጥቂት አልፎ ስለሚዘረጋ ነው፤ ሁለቱን በማቀናነስ ይህ ስህተት ይወገዳል። ለምሳሌ 60 ሚሊሜትሩ በ0.677፣ 40 ሚሊሜትሩ በ1.01 ጊጋኸርዝ ቢጠልቁ፣ አንድን ለእያንዳንዱ አካፍለው ልዩነቱን (0.487) በ75 (በሚሊሜትርና በጊጋኸርዝ ሲሰላ የብርሃን ፍጥነት ሩብ) ያባዙ፣ ለ20 ሚሊሜትሩ ልዩነት ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፦ 3.33 ያህል ይሆናል። ሞገዱ ከፊሉ በአየር ስለሚያልፍ ይህ ከማቴሪያሉ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ያነሰ ነው፤ የማይክሮስትሪፕ (ከሥሩ ግራውንድ ያለው የእንዲህ ዓይነት መስመር) ማስያ ውስጥ ሲያስገቡት ወደ 4.4 ይመጣል።

በክረምት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት 80 ገደማ በመሆኑ፣ እርጥበት የሳበ ቦርድ የመጥለቂያውን ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ያደርገዋል። ቦርዱን በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓታት አድርቀው፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለኩ፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ካለ እርጥበት ነበረበት ማለት ነው። የሚያምኑት የደረቀውን ውጤት ይሁን፤ የተጠናቀቀውን ሥራም በቫርኒሽ ይሸፍኑ።

የሚቀረው የብክነቱ ጉዳይ ነው። የኤፍአር-4 ሎስ ታንጀንት (ማቴሪያሉ ኃይልን ምን ያህል እንደሚያባክን የሚያሳየው ቁጥር) 0.02 ያህል ስለሆነ በ10 ጊጋኸርዝ 10 ሴንቲሜትር መስመር ላይ ከኃይሉ ግማሽ ያህሉ በማቴሪያሉ ብቻ ይጠፋል፤ ይህ ቁጥር 0.0037 በሆነው፣ ለማይክሮዌቭ በሚሠራው ውድ ቦርድ በሮጀርስ 4350ቢ ግን የሚጠፋው ከ10 እጅ አንዱ ያህል ነው። ለ2.4 ጊጋኸርዝ አጭር መስመር በለካነው ኤፍአር-4 መሥራት በእኔ እምነት በቂ ነው፤ ከ6 ጊጋኸርዝ በላይ ግን ውዱን ቦርድ መግዛት ያዋጣል። ሌላ ቦርድ በገዙ ቁጥር ልኬቱን ይድገሙ፣ የመስመሩንም ስፋት በአዲሱ ቁጥር ያስሉ።